ካርል ኮለር

ካርል ኮለር (እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1857 – ማርች 21 ቀን 1944) በቦሄሚያ ተወልዶ በቪየና የተማረ፣ ከ1888 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በኒው ዮርክ የኖረ የዓይን ሐኪም ነበር። ሕመምተኛው እንደነቃ፣ የሚታከመውን የሰውነት ክፍል ብቻ የሚያደነዝዘው ከፊል ማደንዘዣ ወደ ቀዶ ጥገና የገባው በእርሱ ሥራ ነው። ዛሬ ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋ፣ የዓይን ሞራ ሲገፈፍ ወይም የተሰበረ አፍንጫ ወደ ቦታው ሲመለስ ሰው ሳይተኛ ሕመሙ የማይሰማው ኮለር በ1884 በከፈተው መንገድ ነው። ሙከራውን ያደረገው በኮኬይን ሲሆን በዚያን ጊዜ ዕድሜው ገና 26 ዓመት ነበር። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

ኮለር የተወለደው ያን ጊዜ በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር በነበረችው፣ ዛሬ በቼክ ሪፐብሊክ በምትገኘው በሹተንሆፈን ከተማ ነው። ቤተሰቡ አይሁዳዊ ነበር። ገና ልጅ ሳለ እናቱ ስለ ሞተች አባቱ ወደ ቪየና ይዞት ሄደ፤ ያደገውም በዚያ ነው። በቪየና ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ተምሮ በ1882 ተመረቀ። ተማሪ በነበረበት ጊዜ በሰሎሞን ሽትሪከር የሙከራ ፓቶሎጂ ተቋም ውስጥ በዶሮ ፅንስ አስተዳደግ ላይ ምርምር አድርጓል። ይህ ሥራ በራሱ ጥሩ ስም አስገኝቶለት ነበር፤ ከሁሉ በላይ ግን የጠቀመው የቤተ ሙከራን ልማድ ስላስተማረው ነው። አንድ ነገር በሰው ላይ ከመሞከሩ በፊት በእንስሳ ላይ መፈተን እንዳለበት፣ አንዱ ዓይን መድኃኒቱን ሲያገኝ ሌላው ለማነጻጸሪያ ባዶውን መተው እንዳለበት የተማረው ከሽትሪከር ዘንድ ነው።

ከተመረቀ በኋላ በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል ወጣት ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። ምኞቱ በዓይን ክሊኒክ ረዳትነት ማግኘት ነበር። ይህ ቦታ በዚያ ዘመን ለአንድ ወጣት ሐኪም የሙሉ ሕይወት በር የሚከፍት ስለነበር ተፎካካሪው ብዙ ነው፤ በዚያ ላይ ለአይሁዳዊ ሐኪም መንገዱ ይበልጥ የጠበበ ነበር። ስለዚህ ኮለር ስሙን የሚያስጠራ አንድ ሥራ መሥራት ነበረበት።

የዓይን ቀዶ ጥገና ከ1884 በፊት

ኤተር በ1846 በቦስተን፣ ክሎሮፎርም ደግሞ በ1847 በኤዲንብራ ለማደንዘዣነት ከዋሉ ወዲህ ሐኪሞች ሕመምተኛን አስተኝተው እግር መቁረጥም ሆነ ሆድ መክፈት ይችሉ ነበር። ለዓይን ግን ሁለቱም አይመቹም። በኤተር የተኛ ሰው ሲነቃ አጥብቆ ያስመልሰዋል፤ ትውከቱም የዓይኑን ግፊት ስለሚጨምር በስንት ጥንቃቄ የተሠራው ቀዶ ጥገና በአንድ ጊዜ ይበላሻል። ከዚህም ሌላ ሐኪሙ ሕመምተኛው ነቅቶ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዲመለከትለት ይፈልጋል። የማስተኛው ጭምብል ራሱ ፊትን ሸፍኖ የሥራውን ቦታ ይይዛል። በዚህ ምክንያት ብዙ የዓይን ቀዶ ጥገናዎች ያለ ምንም ማደንዘዣ ይደረጉ ነበር፤ ሕመምተኛው በጠንካራ ሰዎች ተይዞ ስለቱ ወደ ክፍት ዓይኑ ሲመጣ እያየ።

በቪየና የዓይን ሕክምና ታላቁ መምህር ፈርዲናንድ ፎን አርልት ይህን ችግር ለተማሪዎቻቸው ደጋግመው ይናገሩ ነበር። ኮለርም ነገሩን በልቡ ያዘው። ሞርፊንን፣ ክሎራል ሃይድሬትንና ብሮማይድን በእንስሳት ዓይን ላይ ሞከረ፤ አንዳቸውም አልሠሩም። ሙከራውን አቋረጠ፣ ጥያቄውን ግን አልተወውም።

ኮኬይንና ፍሮይድ

የኮካ ቅጠል በአንዲስ ተራሮች ከጥንት ጀምሮ ሲታኘክ የኖረ ነው። በጀርመን ጎቲንገን ውስጥ አልበርት ኒማን በ1860 ገደማ ከቅጠሉ ንጹሑን ነገር አውጥቶ ኮኬይን ብሎ ሲሰይመው ምላስን እንደሚያደነዝዝ ጽፎ ነበር። በ1880 ሩሲያዊው ቫሲሊ ፎን አንሬፕ በራሱ ቆዳ ሥር ወግቶት ቦታው የመርፌ ጫፍ እንደማይሰማው መዘገበ። ስለዚህ የማደንዘዝ ኃይሉ ለ24 ዓመት ያህል በመጻሕፍት ውስጥ ታትሞ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ይህን ከቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ጋር ያገናኘው ግን አልነበረም።

በ1884 በቪየና ጠቅላላ ሆስፒታል የሚሠራው ሌላ ወጣት ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ ከመርክ ኩባንያ ኮኬይን አስመጥቶ ይመራመር ነበር። ፍሮይድን የማረከው የመድኃኒቱ የማበርታትና ድካምን የማጥፋት ኃይል ነው፤ በሞርፊን ሱስ የተያዘውን ወዳጁን ኤርንስት ፎን ፍላይሽልንም በእርሱ አድናለሁ ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። ያ ተስፋ በክፉ ተጠናቀቀ፤ ፍላይሽል ከአንድ ሱስ ወደ ሁለት ሱስ ገባ። ፍሮይድ በጁላይ 1884 ባሳተመው ድርሰት መጨረሻ ላይ የማደንዘዝ ጠባዩ ለሌላ ጥቅም ሊውል እንደሚችል በጥቂት መስመር ጠቆመ። ከዚያም እጮኛውን ማርታ በርናይስን ለማየት ወደ ሃምቡርግ አጠገብ ወደ ቫንድስቤክ ሄደ።

ኮለር የፍሮይድ ባልደረባና ወዳጅ ስለነበር ኮኬይን በጡንቻ ጉልበት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ለመለካት አብሮት ሠርቷል። አንድ ቀን ከባልደረቦቹ አንዱ ጥቂት ኮኬይን በሰንጢ ጫፍ አንሥቶ ቀመሰና ምላሱ እንደደነዘዘ ተናገረ። ኮለርም የቀመሱት ሁሉ ይህንኑ እንዳስተዋሉ መለሰ፤ በዚያችው ቅጽበት ግን ሲፈልገው የኖረውን ነገር በኪሱ ይዞት እንደሚዞር ገባው። ምላስን የሚያደነዝዝ ነገር ዓይንንስ ለምን አያደነዝዝም?

ሙከራው

ኮለር በቀጥታ ወደ ሽትሪከር ቤተ ሙከራ ሄደ። በዚያ ያገኘው ረዳቱን ጉስታፍ ጌርትነርን ነበር፤ የዚያን ቀን ነገር ዝርዝር ብዙ ዓመታት ቆይቶ የጻፈውም እርሱ ነው። ዱቄቱን በውኃ አሟሙተው በአንዲት እንቁራሪት ዓይን ላይ ጠብ አደረጉ። መጀመሪያ ላይ ዓይኗ ሲነካ ትሸሽ ነበር። አንድ ደቂቃ ያህል ካለፈ በኋላ ግን ዓይኗን በመርፌ ሲነኩት፣ ቀጥሎም ሲጭሩት ዝም አለች፤ መድኃኒት ያልገባበት ሌላው ዓይኗ ግን ትንሽ ሲነካ ወዲያው ይርገበገብ ነበር። ያንኑ በጥንቸልና በውሻ ደገሙት፤ ውጤቱ አንድ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የቀረው የሰው ዓይን ነበር። ሁለቱም እርስ በርሳቸው የዓይናቸውን ቆብ እያነሡ ፈሳሹን ጨመሩ፣ መስታወት ፊት ቆመው የዓይናቸውን የፊት ሽፋን በመርፌ ራስ ነኩ። የሚሰማ ነገር አልነበረም። አንድ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ አንድ የሕክምና ዘርፍ ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሴፕቴምበር 11 ቀን 1884 ኮለር በኮኬይን ብቻ የደነዘዘ ዓይን ላይ የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና አደረገ። ከአራት ቀን በኋላ በሃይደልበርግ የጀርመን የዓይን ሐኪሞች ጉባኤ ይከፈት ነበር። ኮለር ግን የመንገድ ወጪ ስላልነበረው መሄድ አልቻለም። ጽሑፉን የትሪየስቱ ሐኪም ዮሴፍ ብሬታወር ወሰደለትና አነበበለት፤ በአንድ ሕመምተኛ ላይም በጉባኤው ፊት አሳየ። በዚያ ከነበሩት አንዱ የኒው ዮርኩ ሄንሪ ኖይስ ዜናውን ወደ አሜሪካ ስለላከው በኦክቶበር ወር ታተመ። ኮለር ራሱ በቪየና ሐኪሞች ማኅበር ፊት ቀርቦ የተናገረው ኦክቶበር 17 ቀን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በላንሴት መጽሔት ወጣ።

የቀዳሚነት ክርክር

ፍሮይድ ከቫንድስቤክ ሲመለስ ዝናው የወዳጁ ሆኖ ቆየው። ከመሄዱ በፊት የዓይን ሐኪሙን ሊዮፖልድ ኮኒግሽታይንን ኮኬይን በታመመ ዓይን ላይ እንዲሞክር መክሮት ነበርና ኮኒግሽታይንም በዚያው ኦክቶበር 17 ስብሰባ ላይ የራሱን ሥራ አቀረበ፤ የኮለርን ስም ግን አላነሣም። ፍሮይድና ዩልዩስ ቫግነር-ያውሬግ ቀርበው ካነጋገሩት በኋላ ቀዳሚው ኮለር መሆኑን አመነ። ፍሮይድ በዚህ ነገር የኮለርን መብት መጠበቁ ለእርሱም ክብር ነው። ሆኖም ከ40 ዓመት በኋላ በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ያን ዕድል ያጣው እጮኛውን ለማየት ስለሄደ እንደሆነ ከመጥቀስ አልተቆጠበም። ወዳጁንም በቀልድ ኮካ ኮለር እያለ ይጠራው ነበር።

በ1885 የፍሮይድ አባት ያዕቆብ በግላኮማ ሲታመም ኮኒግሽታይን ቀዶ ጥገናውን አደረገ፣ ኮለር ማደንዘዣውን ሰጠ፣ ፍሮይድም ረዳ። በክርክሩ የተነሡት ሦስቱ ሰዎች በአንድ ሽማግሌ ዓይን ዙሪያ ተሰበሰቡ ማለት ነው።

ከዓይን ወደ አፍንጫ

ኮኬይን የሚሠራው ነርቭ መልእክቱን ወደ አንጎል እንዳያስተላልፍ በመግታት ነው። በደረቅ ቆዳ ላይ ቢቀባ አይገባም፤ እንደ ዓይን፣ አፍንጫና ጉሮሮ ባለ እርጥብ ሽፋን ግን ቶሎ ይዘልቃል። ስለዚህ ከዓይን ቀጥሎ የተሻገረው ወደ እነዚህ ቦታዎች ነው። ቪየናዊው ኤድመንድ የሊኔክ በዚያው በ1884 በጉሮሮና በማንቁርት ላይ ተጠቀመበት። የአፍንጫ ሐኪሞች ደግሞ ሌላ ጥቅም አገኙበት፦ ኮኬይን የደም ሥሮችን ያጠብባል። የአፍንጫ ውስጥ ሽፋን በደም ሥር የተሞላ በመሆኑ፣ እያደነዘዘ ደምን የሚቀንስና ያበጠውን የሚያሟሽሽ አንድ መድኃኒት ማግኘት ለእነርሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ለተሰበረ አፍንጫ ያለው ትርጉም ከዚህ ይመጣል። የአፍንጫ አጥንት ከፊት አጥንቶች ሁሉ ይበልጥ የሚሰበር ነው፤ ሲጣመምም ማቃናቱ ራሱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። ሐኪሙ ጠፍጣፋ መሣሪያ በአፍንጫው ውስጥ አስገብቶ የገባውን አጥንት ወደ ላይ ያነሣል፣ በሌላ እጁ ከውጭ ይገፋል። ሥራው አጭር ቢሆንም ሕመሙ ከባድ ነው፤ ለዚህ ሲባል ሰውን ሙሉ በሙሉ ማስተኛት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው፤ በተለይ ደም ወደ ጉሮሮው በሚወርድ ሰው ላይ።

ዛሬ ከፊል ማደንዘዣ የሚመርጡ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ውስጡንና ውጪውን ለየብቻ ያደነዝዛሉ። ለውስጡ መድኃኒት የተነከረ ጥጥ ወይም ጎዝ በሁለቱም ቀዳዳዎች ወደ ላይና ወደ ኋላ ይደረጋል፤ የአፍንጫን የውስጥ ግድግዳ የሚመግቡት ነርቮች የሚገቡት በእነዚያ በኩል ነውና። መድኃኒቱ አሁንም ኮኬይን ሊሆን ይችላል፤ ይበልጥ የተለመደው ግን ሊዶኬይን ከደም ሥር አጥባቢ መድኃኒት ጋር ነው። ለውጪው በመርፌ ይሰጣል፦ በአፍንጫ ሥር ከዓይን ውስጠኛው ማዕዘን አጠገብ፣ አጥንቱ ከልምጭ አጥንቱ በሚገናኝበት ጎን ላይ፣ እንዲሁም ከዓይን በታች ጉንጭ ላይ ነርቭ በሚወጣበት ቀዳዳ አካባቢ። ከዚያ መድኃኒቱ እስኪሠራ መታገሥ ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው አመመኝ የሚለው ሐኪሙ ስለቸኮለ ነው። ጥጡን ብቻ ተጠቅመው መርፌውን የሚተዉ አሉ፤ ምክንያታቸውም መርፌው ራሱ ማመሙና የገባው ፈሳሽ አፍንጫውን ስለሚያሳብጠው መቃናቱን በዓይን መለየት ማስቸገሩ ነው። ለትንንሽ ልጆች፣ በጣም ለሚፈሩና ስብራታቸው ለተወሳሰበ ሰዎች ሙሉ ማደንዘዣ ይመረጣል። በአዋቂዎች ላይ ግን ሁለቱን መንገዶች ያነጻጸሩ ሐኪሞች የአፍንጫው መቃናት ተቀራራቢ ሆኖ ያገኙበት ጊዜ አለ።

ማደንዘዣው የትኛውም ቢሆን ጊዜው የተወሰነ ነው። እብጠቱ እስኪጎድል ጥቂት ቀናት ይጠበቃል፤ ሁለት ሳምንት ካለፈ ግን አጥንቱ በተጣመመበት መያዝ ስለሚጀምር በእጅ ብቻ ማቃናት አዳጋች ይሆናል፤ በልጆች ላይ ከዚህም ይፈጥናል። በአፍንጫው መካከለኛ ግድግዳ ላይ ደም ተቋጥሮ ከተገኘ ደግሞ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን መፍሰስ አለበት፣ ካልፈሰሰ ልምጭ አጥንቱ ሊሞት ይችላል።

ጉዳቱና ተተኪዎቹ

በኒው ዮርክ ዊልያም ሃልስተድና ሪቻርድ ሆል ዜናው በደረሳቸው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ኮኬይንን በመርፌ ወደ ነርቭ ግንድ አጠገብ መውጋት ጀመሩ። ከመጀመሪያዎቹ መካከል የላይኛውን ጥርስና ከንፈር የሚመግበው ከዓይን በታች ያለው ነርቭ ይገኝበታል፤ ዛሬም ለተሰበረ አፍንጫ የሚወጋው ይኸው ነው። ሙከራውን በራሳቸው ላይ ስላደረጉት ግን ሁለቱም በሱስ ተያዙ። ሃልስተድ ከዓለም ታላላቅ ቀዶ ሐኪሞች አንዱ ሆነ፤ ከሱስ ግን ሙሉ በሙሉ ነጻ አልወጣም። በሌሎች አገሮችም መጠኑ ሳይታወቅ በተሰጠ ኮኬይን የሞቱ ሕመምተኞች ነበሩ።

ስለዚህ ያንኑ የሚሠራ ግን ሱስ የማያስይዝ ነገር ፍለጋ ተጀመረ። አልፍሬድ አይንሆርን በ1904 ፕሮኬይንን አወጣ፤ ሃይንሪሽ ብራውን በ1905 ከአድሬናሊን ጋር ቀላቅሎ ወደ ሕክምና አስገባው። ስዊድናዊው ኒልስ ሎፍግሬን በ1943 የሠራው ሊዶኬይን በ1948 ገበያ ላይ ዋለ፤ እስካሁንም በየጤና ጣቢያው የሚገኘው እርሱ ነው። ኮለር የሊዶኬይንን መውጣት ሳያይ ሞተ።

የጎራዴው ፍልሚያና ስደት

ኮለር በዝናው ማግስት የሚመኘውን ረዳትነት ማግኘት ይገባው ነበር። በጃንዋሪ 1885 መጀመሪያ ግን በተራው ሆስፒታሉ ውስጥ ሲያድር ጣቱ የቆሰለ ሰው መጣ። ጣቱ ደም እንዳይፈሰው በላስቲክ ተጠብቆ ታስሮ ስለነበር ኮለር ሥጋው እንዳይሞት ወዲያው ሊፈታው አለ። ሌላ ወጣት ቀዶ ሐኪም፣ ፍሪትዝ ዚነር፣ ሕመምተኛው ወደ እርሱ ክፍል መሄድ አለበት ብሎ ተከራከረውና በሰው ፊት በአይሁዳዊነቱ ሰደበው። ኮለር በጥፊ መታው።

ሁለቱም የተጠባባቂ ጦር መኮንኖች ስለነበሩ በዚያ ዘመን ልማድ ነገሩ በጎራዴ ሊፈታ ግድ ሆነ። ፍልሚያ በሕግ የተከለከለ ቢሆንም መኮንን እምቢ ቢል ክብሩን ያጣ ነበር። ኮለር በጎራዴ ልምድ አልነበረውም። ሆኖም ዚነር ራሱና ክንዱ ላይ ሲቆስል ኮለር ምንም ሳይነካው ወጣ። ፍሮይድ በዚያን ጊዜ ደስታውን ገልጾ ጻፈለት፤ ከእንግዲህም እርስዎ መባባሉ ቀርቶ አንተ እንዲባባሉ ጠየቀው።

ድሉ ግን ቪየናን ዘጋበት። የፈለገውን ቦታ ሳያገኝ በ1885 ወደ ኔዘርላንድስ ሄደና በዩትሬክት በሁለት ታላላቅ የዓይን ሊቃውንት፣ በፍራንስ ዶንደርስና ሄርማን ስኔለን ዘንድ ሠራ። ስኔለን በየዓይን ክሊኒኩ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርድ የፊደል ሰሌዳ ያወጣው ሰው ነው። ኮለር ከዚያ በ1888 ወደ ኒው ዮርክ ተሻገረ።

በኒው ዮርክ

በኒው ዮርክ በማውንት ሳይናይ ሆስፒታል የዓይን ሐኪም ሆነ፤ የግል ክሊኒክም ከፈተ። በ1893 ሎራ ብሉምን አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለዱ። ኑሮው የተረጋጋና የተሳካ ነበር። እንደ ቪየናው ያለ ግኝት ግን ዳግመኛ አላደረገም። ስለ 1884ም ብዙ ማውራት አይወድም ነበር።

የአሜሪካ የዓይን ሐኪሞች ማኅበር የሉሲየን ሃው ሜዳይን መስጠት ሲጀምር በ1922 የመጀመሪያው ተሸላሚ ኮለር ሆነ። በ1930 የኒው ዮርክ የሕክምና አካዳሚ ሸለመው። ለኖቤል ሽልማት በዕጩነት ቢቀርብም አልተሰጠውም።

ኮለር በ86 ዓመቱ በኒው ዮርክ አረፈ። ልጁ ሆርቴንስ ኮለር ቤከር ከወረቀቶቹ ተነሥታ የአባቷን ታሪክ በ1963 አሳተመች። ወረቀቶቹ ዛሬ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ፖስታ ነበረች፤ በኮለር እጅ የተጻፈባት ቃል በ1884 በመጀመሪያዎቹ ሙከራዎቹ ከተጠቀመበት ኮኬይን የተረፈው በውስጧ እንዳለ ይገልጽ ነበር።